ስማቸው ያልተጠራ፦ የሙዚቃ ክብር ዝርዝሮችና የአድማጭ ቅሬታ

(በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለፓርኩ ሠራተኞች የቀረበ ይፋዊ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)

 

ለዛሬ የመረጥኩት ርእስ ከወትሮው የፋኩልቲያችን ጉዳዮች ቀለል ያለ ይመስላል። አንድ የሙዚቃ አፍቃሪ የክብር ዝርዝር ይፋ በሆነ ጊዜ የሚሰማውን ስሜት እንመረምራለን። «እንኳን ደስ አላቸው» ከማለቱ በፊት «እገሌስ? እርሱ ለምን ቀረ?» ብሎ የሚጠይቀውን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችንም እርሱን ነን። የዚህን ሰው ቅሬታ እንደ ተራ ጭቅጭቅ ከማለፍ ይልቅ እንደ ዕውቀት ጥያቄ ብንይዘው ወዴት ያደርሰናል?

የንግግሬን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ልናገር። አድማጭ «ማን ቀረ?» ብሎ ሲጠይቅ ትክክለኛውን በር ያንኳኳል፤ ነገር ግን ደጃፉ ላይ ይቆማል። ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ሁለተኛ ጥያቄ ያስፈልገዋል፤ እርሱም «ይህን ዘፈን እነማን ሠሩት?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መዝገብ ሳይኖር የሚቆም የክብር አዳራሽ የታወቁትን ይበልጥ ከማሳወቅ አያልፍም።

የባሕር ማዶው ዝርዝር

በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው የሙዚቃ ክብር ተቋም በአሜሪካ የሚገኘው የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ነው። የተመሠረተው በ1983 እ.ኤ.አ. ሲሆን የመጀመሪያዎቹን ሙዚቀኞች የመዘገበው በ1986 ነው። በክሊቭላንድ ከተማ የሚገኘው ሙዚየሙ ደግሞ በ1995 ተከፈተ። አንድ ሙዚቀኛ ለዕጩነት የሚበቃው የመጀመሪያ ሥራው ለገበያ ከወጣ 25 ዓመት ሲሞላው ነው። ዳኞቹ ሙዚቀኞች፣ የታሪክ ጸሐፊዎችና የሙያው ሰዎች ናቸው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝቡም ድምፅ ይሰጣል፤ ይሁንና የሕዝቡ ድምፅ በሙሉ ተደምሮ የሚቆጠረው ከሌሎቹ የድምፅ መስጫ ወረቀቶች እንደ አንዱ ብቻ ነው።

ይህ አሠራር የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም። በ2025 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ አንደኛ የወጣው ፊሽ የተባለው ባንድ ሳይመዘገብ ቀረ። በ2020 አንደኛ የነበረው የዴቭ ማቲውስ ባንድም በዚያ ዓመት ተዘልሎ የገባው በ2024 ነው። በ2021 የናይጄሪያው ፌላ ኩቲ በሕዝብ ድምፅ ሁለተኛ ሆኖ ሳለ ከዝርዝሩ ውጪ ሆነ። ሦስቱም ጊዜ አድናቂዎች «ታዲያ ለምን ጠየቃችሁን?» ሲሉ ከረሙ።

የ2025 እ.ኤ.አ. ሥነ ሥርዓት ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ተከናወነ። ቻቢ ቼከር፣ ጆ ኮከር፣ ሲንዲ ሎፐር፣ አውትካስት፣ ሳውንድጋርደን፣ ባድ ካምፓኒና ኋይት ስትራይፕስ ተመዘገቡ። እንደ አንድ አድማጭ ስሜቴን ብትጠይቁኝ በቻቢ ቼከር ደስ ብሎኛል፤ መዘግየቱም አሳዝኖኛል። ትዊስት በ1950ዎቹ በእኛም ከተማ ወጣቶች ዘንድ የታወቀ ጭፈራ ነበር። ያን ጭፈራ በዓለም ያሰራጨው ሰው በ2001 እ.ኤ.አ. ክብር እንዲሰጠው በገንዘቡ ማስታወቂያ እስከማውጣት ደርሶ ነበር። አዳራሹ የተከፈተለት በ84 ዓመቱ ነው። ዘፈኑን የደረሰውና አስቀድሞ የተጫወተው ሃንክ ባላርድ ግን በ1990 ተመዝግቧል። እንግዲህ የደራሲው ስም ከዘፋኙ 35 ዓመት ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው። ነገር ግን ትዊስት ሲባል ከመቶ ሰው ስንቱ የባላርድን ስም ያነሳል? ተቋም ያከበረውን ሁሉ አድማጭ ያስታውሳል ማለት እንዳልሆነ እዚህ ላይ እናያለን።

ከዚህ ዝርዝር ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ሌላ ክፍል ነው። አዳራሹ ከድምፃውያንና ከባንዶች ሌላ በሙዚቃ ልቀት ዘርፍ የሚመዘግባቸው አሉ። በ2025 እ.ኤ.አ. በዚህ ዘርፍ ሦስት ሰዎች ተመረጡ፦ የፊላደልፊያውን ድምፅ ከቀረጹት አንዱ የሆነው አቀናባሪ ቶም ቤል፣ ሮሊንግ ስቶንስን ጨምሮ ለብዙ ባንዶች ፒያኖ የተጫወተው ኒኪ ሆፕኪንስና የቤዝ ጊታር ተጫዋቿ ካሮል ኬይ። ሁለቱ ወንዶች ክብራቸውን ሳያዩ አልፈዋል፤ ሆፕኪንስ በ1994፣ ቤል በ2022። በሕይወት ያለችው ካሮል ኬይ ግን ክብሩን እንደማትቀበል አስታወቀች። ምክንያቷም ሽልማቱ በ1960ዎቹ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ይሠሩ የነበረውን ሥራ አይወክልም የሚል ነበር።

ልብ በሉ፤ ሴትየዋ «ክብሩ አነሰኝ» አላለችም። ጥያቄዋ ሥራው በምን ዓይነት አሠራር ይሠራ እንደነበር ነው። ስቱዲዮ ውስጥ በቡድን ተቀምጠው፣ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው ዘፋኝ እየተጫወቱ የአንድን ዘመን ድምፅ የፈጠሩ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል አንዷን ነጥሎ ኮከብ ማድረግ የሥራውን ባሕርይ ይስታል። ይህ ሐሳብ ወደ አገራችን ጉዳይ መሸጋገሪያ ይሆነኛል።

የእኛ አዳራሽ የት ነው?

በኢትዮጵያ በዚህ መልክ የተቋቋመ የሙዚቃ የዝና አዳራሽ የለንም። የክብር ዝርዝር የለንም ማለት ግን አይደለም። ዝርዝራችን በተለያዩ እጆች ተከፋፍሎ ይገኛል።

አንደኛው እጅ ዩኒቨርሲቲው ነው። ጥላሁን ገሠሠ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ዓሊ ቢራ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ማሕሙድ አህመድ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተቀብለዋል። ሙላቱ አስታጥቄም በ2012 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተመሳሳይ ክብር አግኝተዋል። ሁለተኛው እጅ የመገናኛ ብዙኃን ነው። በሸገር ኤፍ ኤም የሚቀርበው የለዛ ፕሮግራም በአድማጮች ምርጫ የሚሰጠውን ሽልማት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በዚያ መድረክ የአድማጭ ድምፅ ከፍ ያለ ዋጋ አለው። ሦስተኛው እጅ ሕዝቡ ራሱ ነው። ጥላሁን ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በትንሣኤ ዕለት ባረፉ ጊዜ አዲስ አበባ እንዴት እንደነበረች የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በጥር 2017 ዓ.ም. ከዚህ ብዙም በማይርቀው በሚሌኒየም አዳራሽ ማሕሙድ ባቀረቡት የስንብት ኮንሰርት ላይ የተሰበሰበውም ሕዝብ በእግሩ መጥቶ ድምፅ የሰጠ መራጭ ነበር ማለት ይቻላል።

አራተኛውና ምናልባትም በዓለም ዘንድ ከሁሉ የበረታው እጅ ግን ከአገር ውጪ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉት ፈረንሳዊ በ1997 እ.ኤ.አ. ማሳተም የጀመሩት «ኢትዮጲክ» የተሰኘው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት ከ30 በላይ ቅጾች ወጥተውለታል። ዛሬ በቶኪዮም ሆነ በበርሊን ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው ከዚህ ስብስብ ነው። ሥራው ትልቅ ውለታ ነው፤ ይህን ሳንናገር ማለፍ ንፉግነት ይሆናል። ሆኖም የስብስቡ ዋነኛ መሠረት በሸክላ የታተመው ሥራ፣ በተለይም አምኃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ካቋቋሙት የአምኃ ሪከርድስና ከካይፋ ሪከርድስ የተገኘው ነው። አምኃ ያን ድርጅት ሲከፍቱ ሸክላ የማሳተም መብት የአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። እርሳቸው ያን ክልከላ ደፍረው ዓለማየሁ እሸቴን ባይቀዱ ኖሮ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ምን ያህሉ በእጃችን ይገኝ ነበር?

ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። የሚከበረው የተጠበቀው ነው። በሸክላ የታተመው ዘመን ተጠብቆ ስለተገኘ ወርቃማ ተባለ። ከእርሱ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን፣ ማለትም የሮሃ ባንድ፣ የኤፍሬም ታምሩ፣ የነዋይ ደበበና የእኩዮቻቸው ዘመን፣ በአገር ውስጥ አድማጭ ዘንድ ከሸክላው ዘመን ያላነሰ ፍቅር ያለው ሆኖ ሳለ በውጭው ዓለም ዝርዝር ውስጥ ቦታው ጠባብ ነው። ካሴት ይበጣጠሳል፣ ክሩ ይደበዝዛል፣ ከላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። ለክብር መቅረት አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለ ተራ የቁስ ጉዳይ ነው።

አድማጭ ለምን ይቆጣል?

አሁን ወደ አድናቂው ልመለስ። በዝርዝር ላይ የሚቆጣ ሰው የሚከራከረው ስለ ዘፋኙ ብቻ አይደለም። የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ሰዎች በእርጅና ዘመናቸው አብዝተው የሚያስታውሱት በግምት ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜያቸው የሆነውን እንደሆነ ደጋግመው አሳይተዋል፤ ሙዚቃም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ስለዚህ «ሙሉቀን መለሰ ለምን ተረሳ?» ብሎ የሚጮህ የእኔ ዕድሜ ሰው ከሙሉቀን ጋር አብሮ የሚሟገትለት ነገር አለ፤ የመጀመሪያ ደመወዙ፣ የተለየችው እጮኛው፣ በሰዓት እላፊ ምክንያት እስኪነጋ የቆየበት የጓደኛ ቤት። ዘፈኑ ከዝርዝር ሲጎድል ያ ሁሉ የጎደለ ይመስለዋል።

ይህ ወገንተኝነት አያሳፍርም። ነገር ግን ወሰኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የእኔ ትውልድ «ዛሬማ ሙዚቃ ሞተ» ሲል ፍርድ የሰጠ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የተናገረው የዕድሜውን ቁጥር ነው። በዚህ ፓርክ የምትሠሩ ወጣቶች ከ30 ዓመት በኋላ ለልጆቻችሁ ያንኑ ትነግሯቸዋላችሁ።

ሁለተኛም ወሰን አለ። አድማጭ የሚሟገተው ለሚያውቀው ስም ነው። የማያውቀውን ሰው «ቀረ» ሊል አይችልም። የክብር ዝርዝር የሚጎድለው ትልቁ ክፍል ደግሞ ማንም ያልተከራከረለት ነው።

ከድምፁ በስተጀርባ

ምሳሌ ላቅርብ። «ኧረ መላ መላ» የማሕሙድ አህመድ ዘፈን ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጂየም አሳታሚ ድርጅት ካወጣው ወዲህ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ሙዚቃ መታወቂያ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው። በመርካቶ ተወልደው፣ በሊስትሮነት ሠርተው፣ በአሪዞና ክለብ ውስጥ በጉልበት ሥራ ሲያገለግሉ ከክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ጋር የመዝፈን ዕድል ያገኙት የማሕሙድ ድምፅ ሌላ ሰው ሊተካው የማይችል ነው። ነገር ግን ዘፈኑን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አድምጡት። ቤዝ ጊታሩ እየተሽከረከረ የሚመለስበት መንገድ፣ ጊታሩ ከእርሱ ጋር የሚነጋገርበት ክፍተት፣ ሳክስፎኑ የሚገባበት ሰዓት፣ እነዚህን የወሰኑት የአይቤክስ ባንድ አባላት ናቸው። ጆቫኒ ሪኮና ሰላም ሥዩም የሚሉትን ስሞች ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንቶቻችን እናውቃቸዋለን? እነዚሁ ሰዎች በኋላ በሮሃ ባንድ ስም የአንድ ሙሉ ትውልድ ካሴቶችን አጅበዋል። እያንዳንዳችን ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ስማቸው ግን አልገባም።

ግርማ በየነንም እንመልከት። በድምፃቸው የተቀዱት ዘፈኖች ጥቂት ናቸው፤ በፒያኖ ያጀቧቸውና ያቀናበሯቸው ግን እጅግ ብዙ። ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ከተሻገሩ በኋላ ለረጅም ዓመታት ከመድረክ ርቀው ኖሩ። የፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ከእርሳቸው ጋር የሠራው አልበም የ«ኢትዮጲክ» 30ኛ ቅጽ ሆኖ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ብዙ አድማጭ «ለካ ያን ሁሉ የሠሩት እኒህ ሰው ናቸው!» አለ። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያም በዋሺንግተን ታክሲ እየነዱ ሳለ የቀድሞ ካሴታቸው በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ ወደ ዓለም መድረክ መልሷቸዋል። ሁለቱም ታሪኮች ደስ ያሰኛሉ፤ ያሳስባሉም። የተገኙት በአጋጣሚ ነውና። አንድ ሰብሳቢ አንድ ካሴት ባያነሳ ኖሮስ?

ወደ ኋላ ብንሄድ ነገሩ ይብሳል። በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ዘመን ሙዚቀኛው ወታደር ነበር፤ ሥራውም የክፍሉ ነበር። የሳህሌ ደጋጎን ዜማዎች በጥላሁንና በሌሎች ድምፃውያን አንደበት እናውቃቸዋለን፤ የዜማው ደራሲ ስም ግን በተራው አድማጭ ዘንድ እየደበዘዘ ሄዷል። ኔርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በሌሎችም የሙዚቃ ቡድኖች የኢትዮጵያን ቅኝት ለትልቅ ኦርኬስትራ ለማስማማት ብዙ የደከሙ መምህር ናቸው። አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ በ1924 እ.ኤ.አ. ከአርባዎቹ አርመናውያን ልጆች ጋር መጥተው የመጀመሪያውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱ ናቸው። የአርባ ልጆች ታሪክ በመጠኑ ይነገራል፤ የኔርሲስ የዕለት ተዕለት ድካም ግን የሚነሳው በጥቂት ባለሙያዎች መካከል ነው። የግጥም ደራሲዎችም እንዲሁ። ዓለምፀሐይ ወዳጆን በተዋናይነትና በገጣሚነት የሚያውቅ ሁሉ የዘፈን ግጥሞቿን ሲያዜም የማን መሆናቸውን ላያውቅ ይችላል። የይልማ ገብረአብን ስንኞች በቃሉ የሚወጣ አድማጭ መንገድ ላይ ቢያገኛቸው ሰላም ሳይላቸው ሊያልፍ ይችላል።

በካሴት ዘመን አንድ መልካም ልማድ ነበር። በካሴቱ ልባስ ወረቀት ላይ በየዘፈኑ ትይዩ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ተብሎ ስም ይጻፍ ነበር። የዕድሜ እኩዮቼ ልባሱን እንደ መጽሐፍ እናነበው ነበር፤ የአበበ መለሰን ስም የተማርነው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከዚያ ጠባብ ወረቀት ነው። ዘፈኑ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽና ወደ ስልክ ሚሞሪ ሲሻገር ልባሱ መንገድ ላይ ቀረ። ዛሬ በስልካችሁ ላይ የሚታየው የዘፋኙ ስምና የዘፈኑ ርእስ ነው፤ አንዳንዴም «ትራክ 07» ብቻ። እንግዲህ የአድማጩን ዕውቀት ያጠበበው ስንፍናው ሳይሆን የመረጃው መውደቅ ነው።

የሸሚዝ ምልክትና የዘፈን ስም

ይህን ንግግር በዚህ ፓርክ ለማቅረብ የወደድኩበት ምክንያት አለኝ። ቦሌ ለሚ በመንግሥት ከተገነቡት የኢንዱስትሪ ፓርኮች ቀዳሚው ሲሆን ሥራ የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ በተሠሩት 20 ሼዶች በዋናነት የልብስና የቆዳ ውጤቶች ሲመረቱ ቆይተዋል። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው።

አንድ ሸሚዝ በስፌት መስመር ላይ ሲያልፍ ኮሌታውን አንዷ፣ እጅጌውን ሌላዋ፣ ቁልፉን ሦስተኛዋ ትሠራለች። ከዚህ ሲወጣ አንገቱ ላይ የሚሰፋው ምልክት የገዢውን ኩባንያ ስምና የአገራችንን ስም ይይዛል። የሰፊዎቹ ስም የለበትም፤ ሊኖርበትም አይጠበቅም ይሆናል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በፋብሪካው ውስጥ ግን መዝገብ አለ። የትኛው መስመር የትኛውን ክፍል በስንት ሰዓት እንደሠራ ይጻፋል፤ ጉድለት ሲገኝ ወደ ማን እንደሚመለስ ይታወቃል፤ ክፍያም በዚያው ይሰላል። ሙዚቃችን ይህም የለውም። ምልክቱ ላይ ያልተጻፈው ስም በመጋዘኑ መዝገብ ውስጥም አይገኝም።

ጉዳቱ የክብር ብቻ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት ይጠብቃል። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ የባለመብቶች የጋራ አስተዳደር ማኅበር የሮያሊቲ ክፍያን እንዲሰበስብና እንዲያከፋፍል መንገድ ከፍቷል። ሕጉ አለ። ነገር ግን ሮያሊቲ የሚከፋፈለው ለማን ነው? የግጥሙ ደራሲ ማን እንደሆነ፣ ዜማው የማን እንደሆነ የሚያሳይ አስተማማኝ መዝገብ በሌለበት ትክክለኛው አዋጅ ትክክለኛውን ሰው አያገኘውም። በእርጅናው የሕክምና ወጪ በልመና እንዲሰበሰብለት የሚገደድ የሙዚቃ ሰው በየጊዜው እናያለን። እንዲህ ያለው ሰው ከመዋጮው በፊት የሚገባው ነገር ነበረው፤ የሠራው ሥራ በስሙ ተመዝግቦ እንጀራ ሊሆነው ይገባ ነበር።

ሦስት ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎችን በአጭሩ ልመልስ።

የመጀመሪያው «ዘፈንን ዘፈን የሚያደርገው ድምፁ ነው፤ ጥላሁን ባይዘፍነው ዜማው ምን ይሆን ነበር?» የሚል ነው። እውነት አለው። የድምፃዊውን ቦታ ማንም አይወስድበትም። ነገር ግን ጥያቄው ተገልብጦም ይሠራል፤ ዜማው ባይኖር ጥላሁን ምን ይዘፍኑ ነበር? የሥራ ድርሻን መመዝገብ የዘፋኙን ድርሻ አይቀንስም፤ ልኩን ያሳያል እንጂ።

ሁለተኛው «የክብር ዝርዝር ቢዘጋጅ ከየብሔሩና ከየቋንቋው ስንት ይግባ የሚል ክርክር ያስነሳል» የሚል ስጋት ነው። ደረጃ የሚያወጣ ዝርዝር ከተዘጋጀ በእርግጥ ያስነሳል። መዝገብ ግን ደረጃ አያወጣም። ማን ምን እንደሠራ የሚናገር መዝገብ ውስጥ ለሌላው ቦታ ሲባል የሚወጣ ሰው የለም። ዓሊ ቢራ በኦሮምኛ የሠሩት ለአማርኛው ቦታ አያጣብብም፤ አስናቀች ወርቁ በክራር የሠሩት ለኦርኬስትራው ቦታ አያጣብብም። እንዲያውም የዝርዝሮቻችን ትልቁ ጉድለት አዲስ አበባ ላይ በሸክላ ወይም በካሴት ያልታተመውን ሁሉ አለማየታቸው ነው። በዚህ ፓርክ የምትሠሩ እህቶች ከወላይታ፣ ከጉራጌ፣ ከጎጃም፣ ከአርሲ ይዛችኋቸው የመጣችሁት ዘፈኖች በአንዱም ዝርዝር ውስጥ የሉም። ማምሻውን በሰርቪስ ወደ አራብሳና ወደ ጎሮ ስትመለሱ በስልካችሁ የምታደምጡት፣ በየተከራያችሁበት ቤት ቡና ስታፈሉ የምታንጎራጉሩት ዜማ ደራሲ አለው፤ አንዳንዱ የመንደራችሁ ሰው ነው።

ሦስተኛው «ይህ የምሁራን ሥራ ነው፤ አድማጭ ምን አገባው?» የሚል ነው። ፊሽ ሳይመዘገብ ሲቀር የአሜሪካ አድማጭ የተማረው ድምፁ ከብዙ ወረቀቶች እንደ አንዷ ብቻ እንደሚቆጠር ነው። በመዝገብ ሥራ ግን እያንዳንዱ አድማጭ ሙሉ ሰው ነው። በቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ አንድ የካሴት ልባስ ከብዙ ሺህ የምርጫ መልእክቶች ይበልጣል።

ምን እናድርግ?

ተማሪዎቼ፣ ሐሳብ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። ሦስት ሥራዎችን አቀርብላችኋለሁ።

አንደኛ፣ ልባሶችን ሰብስቡ። እያንዳንዳችሁ በቤተሰባችሁ፣ በጎረቤታችሁ፣ በተዘጉ ሙዚቃ ቤቶች ያሉትን የካሴት ልባሶች በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ዘፋኝ፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሙዚቀኞች፣ አሳታሚ፣ ዓመት በሚሉ ዓምዶች መዝግቡ። ፎቶውንም ከመዝገቡ ጋር አስቀምጡ፤ ማስረጃ የሌለው መዝገብ ሌላ ወሬ ይሆናልና።

ሁለተኛ፣ በሕይወት ያሉትን ጠይቁ። አምኃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ በ2013፣ ዓሊ ቢራና እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2015፣ ሙሉቀን መለሰ በ2016 ዓ.ም. ተለይተውናል። እነዚህ የታወቁት ናቸው። ያልታወቁት ከበሮ መቺዎች፣ ትራምፔት ነፊዎች፣ የድምፅ ቀራጮች በየሰፈሩ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ስትጠይቋቸው «ዝነኛ ሆነው ያውቃሉ?» አትበሏቸው። «በዚህ ዘፈን ላይ የእርስዎ እጅ የቱ ጋ ነው?» ብላችሁ ቀረጻውን አሰሟቸው። ያን ጊዜ የሚነግሯችሁ ታሪክ ከማንኛውም የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ የጠራ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የፓርኩ ሠራተኞች ለሆናችሁት። ከየአካባቢያችሁ የምታውቋቸውን ዘፈኖች በየቋንቋችሁ ለተማሪዎቻችን አስመዝግቡ፤ የዘፈነውን፣ የደረሰውንና የምታውቁ ከሆነ መቼ እንደሚዘፈን ጭምር። በሠርግ፣ በአጨዳ፣ በለቅሶ የሚዘፈነው ሁሉ ይካተት። ተማሪዎቻችን ደግሞ ስማችሁን በእናንተ ፈቃድ የመረጃው ምንጭ አድርገው ይጻፉ። ስለ ስም መጠራት እያወራን የነገረንን ሰው ስም ብንሰውር ራሳችንን እንቃረናለን።

ይህ ሥራ ከተሠራ አንድ ቀን በዚህች ከተማ የሙዚቃ የክብር አዳራሽ ሲከፈት ክርክሩ አይቀርም፤ አይቅርም። አድናቂ ያልተከራከረበት ሙዚቃ የተወደደ አይደለም። ክርክሩ ግን ከ«ለምን የኔ ዘፋኝ ቀረ» ወደ «የዚህ ቤዝ ተጫዋች ስም እዚህ ጋ ጎድሏል፤ ማስረጃውም ይኸው» ወደሚል ከፍ ይላል። እንዲህ ያለ አድናቂ የሚሰማ ይመስለኛል፤ ባይሰማም የያዘው ፎቶ ይቀመጣል።

 አሁን ጥያቄና አስተያየት እቀበላለሁ፤ ቅድሚያ ግን ወደ ማታው ፈረቃ ለሚመለሱት ይሁን።